ከጓደኞች ጋር ወጥቶ ሳይኮራረፉ መመለስ፦ በአርባ ምንጭ መንገድ ምሳሌ

ጎማ የፈነዳበት ጉዞ ጓደኛሞችን ሲያጣላ አላየሁም። ሁሉም ይወርዳል፣ አንዱ ክሪክ ያቀብላል፣ ሌላው ይቀልዳል፣ ዓመት ካለፈ በኋላም ወሬው እየተነሣ ይሳቅበታል። የሚያጣላቸው ጋቢና ማን እንደተቀመጠ፣ ረቡዕ ቀን ጥብስ ማን እንዳዘዘ፣ የቢራው ሒሳብ ከማን ኪስ እንደወጣ ነው። ነገሩ ትንሽ ስለሆነ ማንም ደፍሮ አያነሣውም፤ «ለዚህች ብሎ!» እንዳይባል ይፈራል። ሁለት ቀን ታምቆ ይቆይና በሦስተኛው ቀን ኩርፊያ ሆኖ ይወጣል።

ስለዚህ እዚህ ስለ ሻንጣ አደራረግ ብዙ አልልም። አብዛኛው ሥራ ከመነሣታችሁ በፊት ይሉኝታን ወደ ጎን ብላችሁ የምትነጋገሩት ነው። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ መንገድ ይዘን እንሂድ፦ ከአዲስ አበባ በኪራይ መኪና ወደ አርባ ምንጭ የሚወርዱ ዘጠኝ ጓደኛሞች፣ ለአምስት ቀን። ሙሉ ቀን የሚፈጅ መንገድ አለው፣ ቆላና ደጋ አለው፣ ጀልባ አለው፣ ገበያ አለው። ለጠብ የሚሆን ምክንያት ሁሉ ተሟልቶለታል።

1. መጀመሪያ ሰዎቹን ቁረጡ

ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት ማን እንደሚሄድ ይታወቅ። የብዙ ቡድን ስሕተት «የመጣ ይምጣ» ማለት ነው። ዶልፊን ሚኒባስ ወንበሩ ስለበዛ ብቻ አይሞላም፤ ለረጅም መንገድ ሻንጣውን ስታስቡት ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰው ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ኮስተር ያስፈልጋል፤ ኮስተር ሲሆን ደግሞ ጉዞው መልኩን ቀይሮ ሽርሽር ይሆናል፣ ማንም ከማንም ጋር አያወራም።

ሁለተኛው ጥያቄ የጓደኛ ጓደኛ ነው። አንዱ እጮኛውን፣ ሌላዋ የአክስቷን ልጅ ይዛ ልትመጣ ትችላለች። ክፉ ነገር አይደለም፤ ግን ደንብ ይኑረው። አዲስ ሰው የሚጨመረው ሁሉም ተጠይቆ ሁሉም እሺ ሲል፣ እሱም የመዋጮው ቀን ሳያልፍ ነው። «ቦታ ካለ አንድ ሰው ልጨምር?» የሚል መልእክት በዋዜማው ማታ ሲመጣ «አይሆንም» ማለት ለማንም ይከብዳል። ደንቡ አስቀድሞ ከተቀመጠ ግን እንቢ የሚለው ሰው ሳይሆን ደንቡ ይሆናል።

2. ቀን ስትመርጡ የጾሙን ካሌንደር ክፈቱ

የመሥሪያ ቤት ፈቃድ ሁሉም ያስባል። ጾሙን የሚያስበው ግን ጿሚው ብቻ ነው፤ እሱም «ለእኔ ብላችሁ አትቸገሩ» ብሎ ዝም ይላል። በዓቢይ ጾም 55 ቀናት፣ ከኅዳር 15 በሚጀምረው የነቢያት ጾም፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባለው ፍልሰታ ከሄዳችሁ ግማሹ ቡድን ሽሮ፣ ግማሹ ክትፎ እየበላ ይሰነብታል። ይቻላል፣ ግን አውቃችሁ ግቡበት። ረመዳንም እንዲሁ ነው፤ ጿሚ ወንድማችሁ ጀልባ ላይ ውኃ ሳይጠጣ በቆላ ፀሐይ እንዲውል መጠየቅ ደግ አይደለም።

ከፋሲካ በኋላ ያሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾሙ ለማዕድ የሚመቹ ናቸው። ችግሩ ሚያዝያና ግንቦት አርባ ምንጭ ባለችበት በጋሞ አካባቢ ዋናው የዝናብ ወቅት መሆኑ ነው፤ የነጭ ሳር ፓርክ የውስጥ መንገድ በደረቁም ጊዜ የሚያስቸግር ነው፣ ጭቃ ሲሆንማ አይነሣም። መስከረምን የመረጠ ደግሞ መስቀልን ያስብ። ጋሞዎች መስቀልን የሚያከብሩት በታላቅ ድምቀት ስለሆነ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ላይ የሚሠራው ሸማኔ ሁሉ ወደ ጨንቻና ወደ ዶርዜ ይመለሳል። በዓሉን ማየት መታደል ነው፤ መኪናና አልጋ ግን በዚያ ሳምንት በቀላሉ አይገኝም። እኔን ብትጠይቁኝ የጥቅምት መጨረሻና የኅዳር መጀመሪያ ይሻላል፤ ዝናብ ጨርሶ ባይጠፋም አገሩ ለምለም ነው፣ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር የሁሉም ጾም የለም።

3. ገንዘብ

ረጅም ጊዜ የምቆየው እዚህ ላይ ነው። በዚህ የተስማማ ቡድን በሌላው ቢጋጭም ይታረቃል።

ሀ) በጀቱን በዝቅተኛው አቅም ልክ አውጡ። ዘጠኝ ጓደኛሞች ዘጠኝ ዓይነት ደመወዝ አላቸው። በስብሰባ ላይ «15,000 ብር ይበዛባችኋል?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ከእጁ የሌለውም «ምንም አይልም» ይላል። አንድ ሰው ለየብቻ ይደውልና «ስንት ብታወጣ/ብታወጪ አይከብድም?» ብሎ ይጠይቅ፤ የሰማውን ቁጥር ለማንም አይናገር። ዝቅተኛው ቁጥር በጀቱን ይወስናል። የተሻለ ሆቴል የሚፈልግ በራሱ ኪስ ልዩነቱን ይከፍላል። አንዱን ጓደኛ መርዳት ከፈለጋችሁም እሱና ረጂው ብቻ ይወቁት፤ በቡድኑ ፊት የተሰጠ እርዳታ አምስቱን ቀን ሙሉ አንገት ያስደፋል።

ለ) እንደ ዕቁብ አዋጡ። ጉዞው ሦስት ወር ከቀረው ደመወዝ በወጣ ቁጥር አንድ ሦስተኛውን አስገቡ። ለስሌት ያህል በሰው 15,000 ብር ብንል በየወሩ 5,000 ይሆናል። የመጨረሻው መዋጮ ከመነሻው ሁለት ሳምንት በፊት ይግባ። በቴሌብር ወይም በባንክ ከተላለፈ መዝገቡ ራሱ ደረሰኝ ነው፤ «ሰጥቼሃለሁ፣ አልሰጠኸኝም» የሚባል ነገር አይነሣም። ከጠቅላላው አንድ አሥረኛውን ለመጠባበቂያ ለዩትና ከመመለሻው ቀን በፊት እንደ ተራ ወጪ አትንኩት።

ሐ) ወጪውን በሦስት ክፈሉ። መኪና፣ ነዳጅ፣ የሹፌር አበል፣ ጀልባና አስጎብኚ በሰው ቁጥር እኩል ይካፈላሉ። ምግብ፣ ውኃና ቡናም ከጋራ ይውጣ፤ በአንድ ትሪ የምንበላ ሰዎች ማን ስንት እንደጎረሰ አንቆጥርም። ቢራ፣ ውስኪ፣ ጫት፣ ሲጋራና ለቤት የሚገዛ ሸማ የየራስ ነው። ይህን መጨረሻውን አጥብቁት። የማይጠጣ ሰው የአራት ሰው ድራፍት ለአራት ማታ ሲከፍል አይናገርም፣ ግን አይረሳም።

መ) የሚቀረውን ሰው አስቡት። መኪናው በ45,000 ብር ተይዟል እንበል፤ ለዘጠኝ ሲካፈል 5,000 ነው። በመጨረሻው ሳምንት አንድ ሰው ከቀረ የእያንዳንዱ ድርሻ 5,625 ይሆናል። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፤ የሚያበሽቀው ስሜቱ ነው። ስለዚህ ከመዋጮው ቀን በኋላ የሚቀር ሰው ሁሉም የሚስማማበት ምትክ ካላገኘ የመኪና ድርሻውን ያጣል፣ ምግቡና አልጋው ግን ይመለስለታል። ሕመምና ለቅሶ ከዚህ ደንብ ውጪ ናቸው፤ ሐዘን ከደረሰበት ሰው ላይ ገንዘብ ማስቀረት ነውር ነው።

ሠ) «እኔ ልክፈል»ን ከጉዞው አስወጡት። ከተማ ውስጥ ሒሳብ ሲመጣ ተሸቀዳድሞ መክፈል ያምራል። በጉዞ ላይ ግን ሒሳቡን ያበላሻል፤ አንዱ መንገድ ላይ የሆሳዕና ከተማን ምሳ በወኔ ይከፍላል፣ ማንም አይተካለትም፣ አራተኛው ቀን ላይ «እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?» ማለት ይጀምራል። መጋበዝ የሚፈልግ ቡና ይጋብዝ፣ ማንጎ ይግዛ። ምሳና እራት የሚከፍለው ገንዘብ ያዡ ብቻ ነው።

ገንዘብ ያዥ ስትመርጡ ቸሩን አትምረጡ። «አንተ እስካሁን አላስገባህም» ለማለት የማያፍረውን ምረጡ። እሱም በየማታው በቴሌግራም ቡድናችሁ ሦስት መስመር ይጻፍ፦ ዛሬ የወጣ፣ እስካሁን የወጣ፣ የቀረ። ደረሰኝ ካለ ፎቶውን ያያይዝ። ማንም አያነበው ይሆናል፤ መጻፉ ራሱ ሐሜትን ይከላከላል።

ከውጭ የመጣ ጓደኛ ካለ አንድ ነገር ይጨመር። ፓርኮች ለውጭ ፓስፖርት የተለየ የመግቢያ ታሪፍ አላቸው፣ አንዳንድ ሆቴልም እንዲሁ። ያንን ልዩነት ባለፓስፖርቱ ይቻለው። ከዚያ ውጪ ግን «ዳያስፖራ ነው፣ ይክፈል» የሚል ፈገግታ አይኑር፤ እሱም በበኩሉ ዶላሩን አስልቶ «ይሄ እኮ ርካሽ ነው» እያለ የሌላውን ኪስ አይወስን።

4. መኪናውና ሹፌሩ

መኪናውን ሳታዩ አትዋዋሉ። ቦሎው የዘንድሮ መሆኑን፣ ሊብሬና የሦስተኛ ወገን መድን መኖሩን፣ ስኮርታውና ክሪኩ በቦታው መሆናቸውን ተመልከቱ። ጎማውን ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ ባለቤቱ ቢሥቅባችሁም ይሣቅ። በውሉ ላይ ነዳጅ በማን እንደሆነ፣ የሹፌሩ አልጋና ምግብ በማን እንደሆነ፣ ከታቀደው ውጪ ለሚኬድ መንገድ ምን እንደሚጨመር ይጻፍ። በተለይ ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜ የሚወጣው ዳገት ከጅምሩ ይጠቀስ፤ «ይሄማ በስምምነታችን የለም» የሚባለው እዚያ ላይ ነው።

ሹፌሩ ከአንድ ሰው ብቻ ትእዛዝ ይቀበል። ዘጠኝ ሰው «እዚህ ቁም፣ ፍጠን፣ ቀስ በል፣ ሙዚቃውን ቀንስ» ሲለው መኪናውን ከሚነዳ ሕዝቡን ቢነዳ ይቀለዋል። በማዕድ አብሯችሁ ይቀመጥ፣ በስሙ ወይም እንደ ዕድሜው በአክብሮት ይጠራ፤ ማታ በጊዜ ይተኛ። ጠዋት እንቅልፍ የማይጫጫነው ሹፌር የሁላችሁም ዋስትና ነው።

ስለ ጸጥታ አንድ ደንብ ይበቃል። ከመነሣታችሁ አንድ ሁለት ቀን በፊት በመንገዱ ላይ ያሉ ዘመዶችና የሚመላለሱ ሹፌሮች ይጠየቁ፣ ሁሉም መታወቂያውን ይያዝ፣ ከጨለመ በኋላ አይነዳ። መንገድ ላይ አንድ ሰው ወይም ሹፌሩ «እዚህ ጋ ልቤ ፈራ» ካለ ክርክር ሳይነሣ ይመለሳል። ድምፅ አይቆጠርም።

5. የአለቃ ነገር

ገንዘብ ያዥ አለ። ከእሱ ሌላ ሹፌሩንና ሰዓቱን የሚይዝ አንድ አለቃ፣ ሆቴልና ጀልባ የሚደውል አንድ ሰው፣ መድኃኒት የያዘ አንድ ሰው ይበቃል። ሥራ የሌለው ሰው ተቺ ይሆናል፤ ስለዚህ ለተቀሩትም ትንሽ ነገር ስጧቸው፣ ውኃ መግዛትም ቢሆን።

6. መንገድ ላይ

ወደ አርባ ምንጭ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በዓለም ገና፣ በጢያ፣ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ ወላይታ ሶዶ ይገባል። ሌላው በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ ዞሮ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሲሄዱ በአንዱ፣ ሲመለሱ በሌላው ማድረግ ጥሩ ነው፦ በመሄጃው እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን የጢያ ትክል ድንጋዮች ታያላችሁ፣ በመመለሻው ሐዋሳ ጎራ ብላችሁ አሞራ ገደል ላይ ዓሣ ትበላላችሁ። የትኛው መንገድ እንደሚሻል ጠዋት መኪና ውስጥ መከራከር ግን ክልክል ይሁን፤ ከሳምንት በፊት ይቆረጥ።

መነሻው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከሆነ ሰውን ከየቤቱ አትልቀሙ። ከሲኤምሲ ጀምሮ በጀሞ በኩል ዘጠኝ በር ማንኳኳት ማለት ፀሐይ ሳትወጡ ትይዛችኋለች ማለት ነው። አንድ የምትገናኙበት ቦታ ይኑር፣ የሩብ ሰዓት ትዕግሥት ይኑር፣ ከዚያ መኪናው ይንቀሳቀስ። የዘገየው በታክሲ ዓለም ገና ድረስ ይከተላል፣ የታክሲውንም ራሱ ይከፍላል። አንድ ጊዜ በእርግጥ ከተሠራበት ለአምስቱ ቀን የሐበሻ ቀጠሮ የሚባል ነገር አይሰማም። የሰዓት አቆጣጠሩንም አንድ አድርጉ፤ ከውጭ የመጣው ጓደኛ «በ5 ሰዓት» ሲባል ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ተቀምጦ የሚጠብቅበት ጊዜ አለ።

ጋቢና የሁሉም ምኞት ነው፦ እግር ይዘረጋል፣ አገሩ ይታያል፣ ወሬው ከሹፌሩ ጋር ነው። የኋላው ወንበር ደግሞ ያነጥራል፣ ሻንጣ ይጫነዋል። መኪና የሚያዞረው ሰው ካለ መጀመሪያ እሱ ፊት ይቀመጥ፤ ይህ ምሕረት ብቻ አይደለም፣ ለሁላችሁም ይጠቅማል። የተቀሩት በየማረፊያው ይቀያየሩ፤ ጢያ ላይ ወርዳችሁ ስትመለሱ፣ ሆሳዕና ከምሳ በኋላ፣ ሶዶ ላይ። ፍቅረኛሞችም ቢሆኑ ሁልጊዜ ጎን ለጎን ተቀምጠው ለሁለት እየተንሾካሾኩ አይሂዱ፤ ለሌላው ሰው የማይመች ነገር ነው፣ ማንም ግን አይነግራቸውም።

ሙዚቃውን በከተማ ወደ ከተማ ከፋፍሉት። እስከ ቡታጅራ አንዱ ይምረጥ፣ እስከ ሆሳዕና ሌላዋ። የሚመርጠው ሰው ትዝታም ያሰማ፣ መዝሙርም፣ ሬጌም፣ አስተያየት አይሰጥም። ከምሳ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ዝምታ ይሁን፤ ሰው ይተኛል፣ መስኮት ያያል። ሰው ሁሉ ቀኑን ሙሉ እንዲጫወት መጠበቅ ጭካኔ ነው።

ሽንት ቤት ፈልጎ የማይናገር ሰው በየቡድኑ አለ፤ በተለይ ሴቶች ሜዳ ላይ እንደ ወንዱ መቆም ስለማይችሉ ይቸገራሉ። አለቃው ማንም ሳይጠይቀው በየሁለት ሰዓቱ ደህና ሽንት ቤት ያለበት ቡና ቤት ጋ ያስቁም።

7. ማዕድ

ረቡዕና ዓርብ ሁለት ትሪ እዘዙ። በአንዱ በየዓይነቱ፣ በሌላው የፍስኩ። «ዳር ዳሩን ብላ» ብሎ ጥብስ የፈሰሰበትን ትሪ ወደ ጿሚ መግፋት ቀልድ ቢመስልም ያስከፋል። ጿሚውም የሌላውን ሰው ሳህን በዓይኑ አይፍረድበት። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ደግሞ አርባ ምንጭ ላይ ሳይነሣ አይቀርም፤ የሚበላው ይብላ፣ የማይበላው ይተው፣ ጥቅስ አይጠቀስ።

ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው ሲጓዙ የሥጋ ጉዳይ አለ፤ ማን እንዳረደው ለሁለቱም ያገባል። በዚህ አርባ ምንጭ የታደለች ከተማ ናት። ከጾም ቀን ውጪ ዓሣ ጥብስና ዓሣ ጉላሽ ሁሉንም በአንድ ትሪ ያስቀምጣል፣ «የማን ሥጋ ቤት ነው?» የሚል ጥያቄ አይነሣም። ዶርዜ ስትወጡ ደግሞ ትኩስ ቆጮ ከማርና ከዳጣ ጋር ይቀርባል፤ ለጿሚውም፣ ሥጋ ለማይበላውም፣ ለሙስሊሙም የሚሆን ነው። ዳጣውን ግን ቃሪያ እንደለመደ ሰው በድፍረት አትዛቁት። የሶላት ሰዓትና የእሑድ ቅዳሴም ከፕሮግራሙ ውስጥ ቀድመው ይግቡ፤ አማኙ በየጊዜው «ትንሽ ብትጠብቁኝ» እያለ እንዲለምን አታድርጉት።

8. አልጋ

ሆቴል ስትደርሱ ሩጫ እንዳይሆን፣ ክፍሎቹ በዕጣ ይደልደሉ። አርባ ምንጭ ከገደሉ አፋፍ ላይ ባሉ ሆቴሎች ሐይቁን የሚያይ ክፍልና ግቢውን የሚያይ ክፍል ዋጋቸው አንድ ሊሆን ይችላል፤ ደስታቸው ግን አንድ አይደለም። በሁለተኛው ማታ ተቀያየሩ። የሚያንኮራፋ ሰው ራሱን ያውቃል፤ ቀድሞ ይናገር፣ እንቅልፈ ከባድ ጓደኛ ይሰጠው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ስለሆነች ወባ አለ፤ አጎበሩ ቀዳዳ እንዳለው ሳይመሽ ይታይ።

9. አርባ ምንጭ ላይ ለሁለት መከፈል ይፈቀድ

ዘጠኝ ሰው በየሰዓቱ አንድ ላይ መሆን አለበት ያለው ማን ነው? በቀን አንድ የጋራ ነገር ይብቃ፤ የቀረው ጊዜ የየሰው ነው። አንድ ቀን ጫሞ ሐይቅ ላይ የአዞ ገበያ የሚባለው አዞዎች የሚሰበሰቡበት ዳርቻ፣ አንድ ቀን ዶርዜና ጨንቻ፣ ማታ ማታ እራት አብሮ።

ጀልባው አብዛኛውን ጊዜ የሚከራየው በሙሉ ስለሆነ ሰው ሲበዛ ይረክሳል። ስለዚህ የማይወጣው ሰው ቀድሞ ይታወቅ፤ ውኃ የሚፈራን ሰው «አንተ ደግሞ!» እያሉ መጎተት አይገባም። ማልዶ ወይም ፀሐይ በረድ ስትል መሄድ ይሻላል። አዞዎቹ ዳር ላይ አፋቸውን ከፍተው ተጋድመው ጀልባው ሲቀርብ አንዱ ድንገት ወደ ውኃው ይንሸራተታል፤ ያኔ ጀልባው ላይ ተነሥቶ ፎቶ የሚያነሣ ጓደኛ ካላችሁ ልብሱን ይዛችሁ አስቀምጡት። አለቃው በሌላው ጉዳይ ይለመናል፣ በዚህ ግን አይለመንም።

ነጭ ሳር መግባት የሚፈልጉ ለብቻቸው ይሂዱ። መንገዱ ድንጋያማ ነው፣ ከፍ ያለ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና ይጠይቃል፣ ዶልፊናችሁን ብትሞክሩበት ሹፌሩ እስከ አዲስ አበባ አያናግራችሁም። ሜዳ አህያ ለማየትና በዓባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል ያለውን፣ የእግዜር ድልድይ የሚባለውን ጠባብ መሬት ለመሻገር የጓጓ ሰው ተጨማሪውን ይክፈል፤ ሌላው ምንጮቹ ጋ ጥላ ሥር ይቀመጥ ወይም ይተኛ። እንቅልፍም የጉዞ ፕሮግራም ነው።

ዶርዜ ስትወጡ ጃኬት ያዙ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጉጌ ተራሮች ሲወጣ የጠዋቱ ላብ ወደ ብርድ ይለወጣል። ከቀርከሃ የሚሠሩትን፣ የዝሆን ፊት የሚመስሉትን ቤቶች ስታዩ ዘጠኝ ስልክ በአንድ ጊዜ አይመዘዝ፤ ሰው ይኖርበታል። አንድ ሰው ፈቃድ ይጠይቅ፣ የሚከፈል ካለ ከጋራው ይከፈል፣ ፎቶውን ያንሣ፣ ማታ ለሁሉም ይላክ። በዚሁ አጋጣሚ ስለ ፎቶ ሌላ ደንብ፦ የሰው ፊት ያለበትን ፎቶ ሳይጠይቁ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መጫን ክልክል ነው። አንዷ ለቤተሰቧ የሥራ ስብሰባ ነው ብላ ይሆናል፣ አንዱ ለአለቃው አሞኛል ብሎ ይሆናል። አትጠይቋቸው፤ ብቻ አትጫኑ።

10. ኩርፊያ ሲመጣ

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንድ ሰው ያኮርፋል። ጩኸት ቢሆን በቀለለ ነበር። የእኛ ሰው ግን አይጮህም፤ «ምንም አልሆንኩም» ይላል፣ ስልኩን ያያል፣ እራት ላይ «አልራበኝም» ብሎ ቀድሞ ይነሣል።

ሁለት ነገር አታድርጉ። አንደኛ፣ በጋራ አትለማመጡት። ስምንት ሰው ከቦ «ምን ሆንክ? ንገረን እንጂ» ሲለው ያቺ ትንሽ ቅሬታ የፍርድ ቤት ጉዳይ ትሆንበታለች፤ እውነቱን ቢናገር ያፍራል፣ ስለዚህ ይክዳል። ሁለተኛ፣ እንዳላዩ አትለፉት፤ ያኔ በእርግጥ እንደተናቀ ያምናል። የሚቀርበው አንድ ሰው ብቻ፣ ከእራት በኋላ፣ ውጭ እየተራመደ ይጠይቀው። ጥያቄው ጠባብ ይሁን። «ምን ሆነሃል?» ከሚለው «ጠዋት ሳንጠብቅህ ወደ ገበያ በመውጣታችን ነው?» የሚለው ይሻላል፤ ተገምቶለት እሺ ማለት ራስ አንሥቶ ከማውራት ይቀላል። ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ መካሻው የሚሠራ ነገር ይሁን፦ ነገ ጋቢናው የእሱ ነው፣ ነገ ፕሮግራሙን እሱ ይመርጣል።

ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ከተጋጩ ደግሞ በዚያው ማታ ትልቁ ወይም ሁለቱም የሚያከብሩት ሰው ለየብቻ ያናግራቸው፤ ማን ትክክል እንደሆነ አይፍረድ፣ እስከ አዲስ አበባ እንዴት እንደሚደርሱ ብቻ ይስማሙ። ጥፋቱ ከሳምንት በኋላ ቡና ላይ ይወራል። መኪናው ውስጥ በማግስቱ አራርቃችሁ አስቀምጧቸው፤ «ተቃቀፉ፣ ተሳሳሙ» ብሎ ማስገደድ ሽምግልና አይባልም።

መጠጥ ከገባ በኋላ የተጀመረ ክርክር ሁሉ፣ በተለይ የፖለቲካ፣ ለጠዋት ይዛወር። ጠዋት የሚያነሣው ሰው አይገኝም።

11. ሒሳቡን ዝጉ

የመመለሻው ቀን ረጅም ነው፣ ሁሉም ደክሟል፣ ሐዋሳ ላይ ለምሳ ሲቆም ገንዘቡ ቀጭኗል። ያኔ «በቃ እንደፍጥርጥራችን» አይባልም፤ መጠባበቂያው የተያዘው ለዚህ ነው። ለሹፌሩ የሚሰጠው ጉርሻ ሁሉም በተገኘበት፣ ከመበታተናችሁ በፊት፣ በአንድ ሰው እጅ ይሰጥ፤ ሦስት ሰው በየተራ በድብቅ ሲሰጠው ስድስቱ ስስታም ይመስላሉ።

በተመለሳችሁ በሁለት ቀን ውስጥ ገንዘብ ያዡ አንድ ሙሉ ዝርዝር ይላክ፦ የገባው፣ የወጣው በየዓይነቱ፣ የቀረው። የጎደለም ካለ ያኔውኑ ይዋጣ፤ ሳምንት ያለፈው ዕዳ ለመጠየቅም ለመክፈልም ያሳፍራል። የተረፈ ካለ አንዱ «ለሚቀጥለው ጉዞ ይቀመጥ» ማለቱ አይቀርም። ይህን ጥያቄ በቡድኑ ውስጥ አታቅርቡት። እያንዳንዱ ድርሻውን በቴሌብር ይቀበል፤ ለሚቀጥለው ማስቀመጥ የሚፈልግ መልሶ ይላከው፣ የቤት ኪራይ የደረሰበትም ማንም ሳያውቅ ለኪራዩ ያውለው።